ደረጃ 3፣ ጥርት ያለ ሰማይ፣ 40 ዲግሪ የበረዶ ቦይ፦ እንውጣ ወይስ እንተወው?

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። አራት ጓደኛሞች ነገ ጠዋት አንድ የበረዶ ቦይ (በተራራ ጎን፣ በድንጋይ ግድግዳዎች መካከል ያለ በበረዶ የተሞላ ጠባብ መውጫ) መውጣት ፈልገዋል። ቦዩ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የዞረ፣ 300 ሜትር ያህል ሽቅብ የሚሄድ፣ በአማካይ 40 ዲግሪ የሚያዘነብል ነው። ከሁለት ቀን በፊት 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ በረዶ ጥሏል፤ በዚያው ሰሞን ከደቡብ ምዕራብ ብርቱ ነፋስ ነፍሷል። አሁን ሰማዩ ጠርቷል፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። የበረዶ ናዳ አደጋ መግለጫው ደረጃ 3 ይላል። ትናንት ሁለት ሰዎች በዚያው ቦይ ወጥተው ዱካቸው ይታያል። «በማለዳ ብንነሣ ይቻላል? ምን እንያዝ? አንዳችን ብንቀበርስ ሌሎቹ ምን ያድርጉ?»

መልሴ፦ ነገ ይህን ቦይ አትውጡ። የማለዳ ጉዞም፣ የትናንቶቹ ዱካም፣ የሰማዩ መጥራትም ውሳኔውን አይለውጡትም። አየሩ ማማሩና በረዶው መርጋቱ ለየብቻ የሚመዘኑ ነገሮች ናቸው። በነገራችሁን ሁኔታ የመጀመሪያው ተሟልቷል፣ ሁለተኛው ገና ነው።

ከቁጥሩ ልጀምር። በአውሮፓ ከ1993 ጀምሮ የሚሠራበት መለኪያ አምስት ደረጃዎች አሉት፦ ዝቅተኛ፣ መጠነኛ፣ ጉልህ፣ ከፍተኛ፣ እጅግ ከፍተኛ። 3 በመሐል ስለተቀመጠ ብዙ ሰው «መካከለኛ አደጋ» ብሎ ያነበዋል፤ ስሕተቱም እዚያ ላይ ነው። አደጋው ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚያድገው በእኩል እርምጃ ሳይሆን በብዜት ነው። ደረጃ 3 ማለት ቀጥ ባሉ ተዳፋቶች ላይ የአንድ ሰው ክብደት ብቻውን ናዳ ሊያስነሣ ይችላል ማለት ነው፤ አንዳንዴም ተዳፋቱን ሳይረግጡት፣ ከግርጌው ወይም ከጎኑ ሆነው። ከናዳ ሟቾች ትልቁ ድርሻ የሚመዘገበውም በዚህ ደረጃ ነው። በ4 እና በ5 አብዛኛው ሰው ከቤቱ አይወጣም፤ በ3 ግን ይወጣል።

ከቁጥሩ ይልቅ ከሥሩ የተጻፈውን አንብቡ። ጥሩ መግለጫ አደጋው ከስንት ሜትር ከፍታ በላይ እንደሆነ፣ ወደየት አቅጣጫ በዞሩ ተዳፋቶች ላይ እንደሚብስ፣ ችግሩም ምን ዓይነት እንደሆነ ይናገራል፦ አዲስ በረዶ፣ ነፋስ የከመረው በረዶ፣ ቶሎ የማይድን ደካማ ሽፋን፣ እርጥብ በረዶ፣ ወይም ከመሬቱ ጋር አብሮ የሚንሸራተት። ይህ ዝርዝር ከእናንተ ቦይ ከፍታና አቅጣጫ ጋር ከገጠመ፣ የተጻፈው ስለ እናንተ ቦይ ነው ብላችሁ ውሰዱት። መግለጫው አንድ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ የሆነ አካባቢን በጥቅሉ የሚገልጽ ስለሆነ፣ ለአንድ የተወሰነ ቦይ ማረጋገጫ ሊሰጥ አይችልም። በሌላ በኩል ግን አስጠንቅቋችሁ ከሆነ ምክንያት አለው።

ሰው የሚገድለው የናዳ ዓይነት በአብዛኛው የንጣፍ ናዳ ነው። እንዲነሣ ሦስት ነገር መገናኘት አለበት፦ እርስ በርሱ የተያያዘ የበረዶ ንጣፍ፣ ከሥሩ የተቀበረ ደካማ ሽፋን፣ በቂ ተዳፋት። የአንድ ሰው ክብደት ደካማውን ሽፋን አንድ ቦታ ላይ ሲሰብረው ስንጥቁ በሰከንድ በአሥር ሜትሮች በሚቆጠር ፍጥነት ወደ ጎን ይሮጣል፤ ከላይ ያለው ንጣፍም መደገፊያ አጥቶ እንዳለ ይወርዳል። የረገጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከንጣፉ ጠርዝ ላይ ሳይሆን ከመካከሉ ላይ ነው የሚገኘው። ሰው ከሞተባቸው የመዝናኛ ጉዞ ናዳዎች ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ የተነሡት በተጎጂው በራሱ ወይም በጓደኛው ነው። ስለዚህ «ናዳ ይወርድብን ይሆን?» ከማለት «ናዳ እናስነሣ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ተዳፋትን በሚመለከት አብዛኛው የንጣፍ ናዳ የሚነሣው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው፤ እጅግ የሚበዛውም በ38 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ55 ዲግሪ በላይ በረዶው ሳይጠራቀም በየጊዜው እየተራገፈ ይወርዳል። የእናንተ ቦይ 40 ነው፤ «በአማካይ» የሚለው ቃል ደግሞ ግርጌው 30፣ መውጫው 50 መሆኑን ሊሸሽግ ይችላል። ለካርታ ሥራ የሚጠቅም ቀላል ልክ አለ። በ1፡25,000 ካርታ ላይ የ100 ሜትር ከፍታ ልዩነት በ7 ሚሊ ሜትር ውስጥ ከገባ ተዳፋቱ 30 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በ5 ሚሊ ሜትር ከገባ 39፤ በ4 ከገባ 45 ነው። በቦታው ላይ ደግሞ 120 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ምርኩዞች ይበቃሉ። አንዱን በረዶው ላይ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። ሁለተኛውን አግድም ይዛችሁ አንዱን ጫፉን ሽቅብ በኩል ያለውን በረዶ አስነኩት። ሌላኛው ጫፉ የቆመውን ምርኩዝ ከሥሩ 70 ሴንቲ ሜትር ላይ ካገኘው 30 ዲግሪ ነው፤ አንድ ሜትር ላይ ካገኘው 40። ይህን ግን በምትጠረጥሩት ተዳፋት ላይ ቆማችሁ አትለኩ፤ ተመሳሳይ ዝንባሌ ያለውን አጭርና ከሥሩ ምንም የሌለበትን ቦታ ፈልጉ። የቆማችሁበት ብቻ ሳይሆን ከበላያችሁ ያለውም ይቆጠራል፤ ሜዳ ላይ እየሄዳችሁ ከላይ ባለው 35 ዲግሪ ሥር ከሆናችሁ የናዳው መውረጃ ውስጥ ናችሁ።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ነፋሱ። በእናንተ ጥያቄ ውስጥ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ ክብደት የሚሰጠው «25 ሴንቲ ሜትር» አይደለም፤ «ከደቡብ ምዕራብ» የሚለው ነው። ልል ደረቅ በረዶ ነፋሱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ሲመታ በዚያ በኩል ያለውን በረዶ ይጠርግና ሸንተረሩን አሻግሮ ከነፋስ በተከለለው በሰሜን ምሥራቅ ጎን ይከምረዋል። ያም የእናንተ ቦይ ነው። ሜዳ ላይ 25 ሴንቲ ሜትር የተለካው በረዶ ቦዩ ውስጥ አንድ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ ነፋስ ከሰማይ ከሚወርደው በረዶ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይከምራልና። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ጥራቱ ነው። እየተንከባለሉ የመጡት ቅንጣቶች ክንፋቸው ተሰባብሮ፣ ደቅቀውና ተጠጋግተው ስለሚያርፉ፣ በሰዓታት ውስጥ ተያይዘው ጠጣር ንጣፍ ይሆናሉ። ይህ ከላይ ካልኳቸው ሦስት ነገሮች አንዱን ነፋሱ በእጁ ሠርቶ አስቀመጠላችሁ ማለት ነው።

ነፋሱ በሸንተረሩ ላይ ብቻ ሳይሆን አግድም ሲነፍስም ቦይን ይሞላል። በቦዩ ግራና ቀኝ ያሉት የድንጋይ ጀርባዎች ነፋሱን ስለሚሰብሩት በረዶው በጥጋቸው ያርፋል። በዚህ ምክንያት አንድ ቦይ በአንድ ግድግዳው ሥር ጠንካራ አሮጌ በረዶ፣ በሌላው ሥር ደግሞ 60 ሴንቲ ሜትር ንጣፍ ሊኖረው ይችላል።

የነፋሱን አቅጣጫ ከመግለጫው ላይ ካነበባችሁ በኋላ በዓይናችሁ አረጋግጡት። ከሸንተረር ላይ የተንጠለጠለ የበረዶ ክፈፍ ፊቱን ወደ ተከለለው ጎን ያዞራል። በድንጋይና በብረት ምሰሶ ላይ የሚጋገረው ነጭ ውርጭ ግን በተቃራኒው ወደ ነፋሱ መምጫ ነው የሚያድገው፤ ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ስለሚያነበው ልብ በሉት። የተከመረ ንጣፍ ሲረገጥ ድፍን ያለ የከበሮ ዓይነት ድምፅ ያሰማል፤ ጫማ ሲገባበት ደግሞ ጠርዙ እንደ ዱቄት አይፈርስም፣ በማዕዘን ይሰነጠቃል።

«ቅዝቃዜው አጥብቆ ይዞታል» የሚለው ግምት ለእርጥብ በረዶ እውነት ነው፤ ውኃው ሲጋገር ቅንጣቶቹን ያጣብቃቸዋል። ለደረቅ በረዶ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ነፋስ የከመረው ንጣፍ ከሥሩ ካለው ጋር ለመያያዝ ጊዜና መጠነኛ ሙቀት ይፈልጋል፤ በዜሮ አካባቢ ሁለት ሦስት ቀን የሚበቃው ሥራ ከዜሮ በታች 10 ላይ በጣም ይጎተታል። የባሰው ደግሞ በረዶው ስስ በሆነበት የሚሆነው ነው። መሬቱ ወደ ዜሮ ተጠግቶ ሳለ የላይኛው ገጽ በጠራ ሌሊት ከዜሮ በታች 15 ቢደርስ፣ ጥልቀቱም 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ልዩነቱ በአንድ ሜትር 25 ዲግሪ ይሆናል። በአንድ ሜትር ከ10 ዲግሪ ካለፈ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ የማይያያዙ፣ ስኳር የሚመስሉ ፍሬዎች ወደ መሆን ይለወጣሉ። እነዚህ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ክረምቱን ሙሉ ሳይጠነክሩ ይቆያሉ። በጠራ ሌሊት ገጹ ላይ የሚበቅለው አመዳይም ዛሬ ለዓይን ከማማር በቀር ምንም አያደርግም፤ የሚቀጥለው በረዶ ሲቀብረው ግን ከሁሉ የከፋው ደካማ ሽፋን ይሆናል። ስለዚህ ይህ ያማረ ሰሞን የሚቀጥለውን አደጋ እያዘጋጀ ሊሆን ስለሚችል፣ የት የት አመዳይ እንዳያችሁ በማስታወሻ ያዙ።

የማለዳ ጉዞ የሚረዳው ፀሐይ ለሚያመጣው አደጋ ነው፦ ለእርጥብ ናዳ፣ ለሚረግፍ ድንጋይ፣ ለሚላቀቅ የበረዶ ክፈፍ። ለደረቅ ንጣፍ ሌሊት 10 ሰዓትም ቀን 10 ሰዓትም ያው ነው።

ዱካውስ? ሁለት ሰው ማለፉ ፈተና አይደለም። ደካማው ሽፋን በቀላሉ የሚሰበረው ከላዩ ያለው ንጣፍ ስስ በሆነበት ነው፤ በጠርዝ፣ በተቀበረ ድንጋይ ዙሪያ፣ ተዳፋቱ በሚጎብጥበት ቦታ። ንጣፉ በወፈረበት የሄደ ሰው ክብደቱ እታች ድረስ ስላልደረሰ አልፏል። ከእርሱ ሁለት ሜትር ወደ ጎን የወጣው ግን ስሱን ቦታ ያገኘዋል። አንድ ተዳፋት ዘጠኝ ሰው አሳልፎ በአሥረኛው ሊነሣ ይችላል። ደግሞም ከትናንት ወዲህ ነፋስ ነፍሶ ከሆነ ዱካው የሚመሰክረው ዛሬ ስለሌለ በረዶ ነው።

ለተራራ ወጪ ከበረዶ ሸርታቴኛ የተለየ ሦስት ነገር አለ። መጀመሪያ፣ እናንተን ለመግደል ትልቅ ናዳ አያስፈልግም፤ ሰው የማይቀብር ትንሽ ንጣፍ ሚዛን አሳጥቶ በድንጋይ ላይ መጣል ይበቃዋል። ሁለተኛ፣ ቦይ ከሰፊ ቦታ የሚወርደውን ሁሉ አጥብቦ ስለሚያመጣው፣ በሜዳ ጉልበት የማይደርስ ክምር በቦይ ግርጌ ከሰው ቁመት በላይ ይቀብራል። ሦስተኛው ከሁሉ የሚከፋው ነው፤ ቦይ ላይ ዝግ ብላችሁ ለሰዓታት ትቆያላችሁ፣ ነፋስ ከሁሉ አብዝቶ የከመረበትን ቦታ ደግሞ የምትደርሱበት መጨረሻ ላይ ነው። ከክፈፉ ሥር ያለው የመጨረሻው 20 ወይም 30 ሜትር ከፍተኛ ክምችት ያለበት፣ በጣም ቀጥ ያለ፣ መመለስም ያቃተበት ቦታ ነው። ግርጌው ጠንካራ ሆኖ መገኘቱ ስለ መውጫው ምንም አይነግራችሁም።

ክፈፉ ሲሰበር የሚሰበርበት መስመር ከጠርዙ ብዙ ወደ ኋላ ነው፤ ከሥሩ ድንጋይ ያለ የሚመስለውን ቦታም ይዞ ይሄዳል። ከላይ ሆናችሁ ወደ ታች ለማየት አትጠጉ። ሲወድቅም የራሱ ክብደት ሥሩ ያለውን ንጣፍ ያስነሣዋል። መውረጃችሁን ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት ምረጡ። ብዙ አደጋ የሚደርሰው በመውጣት ላይ ሳይሆን «ቀላሉ» በሚባለው የ35 ዲግሪ መውረጃ ላይ፣ ሰው ደክሞና አመሻሽቶበት ሳለ ነው።

በምትኩ ምን ይሠራ? ነፋስ የጠረገውን ሸንተረር ወይም የድንጋይ ጀርባ ምረጡ፤ መዳረሻውም ከተጫነ ተዳፋት ሥር የማያልፍ ይሁን። ወይም ከ30 ዲግሪ በታች ሆኖ ከበላዩም ምንም ቀጥ ያለ ነገር የሌለበትን። ነፋስ የጠረገው ጎን ላይ ግን አደጋው ይለወጣል፤ በረዶው ጠንካራ ነው፣ የሚፈራው መንሸራተት ይሆናል። በ40 ዲግሪ ጠንካራ በረዶ ላይ የተንሸራተተ ሰው በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ በበረዶ መጥረቢያው ካላቆመ ከዚያ በኋላ ማቆም አይችልም ማለት ይቀላል። ስለዚህ ክራምፖኑን (ከጫማ ሥር የሚታሰረውን ባለ ሹል ብረት) ቀጥ ወዳለው ቦታ ከመግባታችሁ በፊት፣ ገና ሜዳ ላይ ሳላችሁ እሰሩት። 12 ሹሎች ያሉት ይሁን፤ ጫማውን ያለ ማሰሪያው ስታነሡት ሳይወድቅ የሚይዝ፣ ከሥሩም በረዶ እንዳይጋገርበት ፕላስቲክ ወይም ጎማ ሳህን ያለው። መጥረቢያው ሁልጊዜ ሽቅብ ባለው እጅ ነው። ሸንተረር ላይ ነፋሱንም አስሉ፤ ከዜሮ በታች 10 ሆኖ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢነፍስ ለተጋለጠ ቆዳ ከዜሮ በታች 22 ያህል ነው፣ ጓንት አውልቆ ገመድ መቋጠር የማይቻልበት።

በመንገድ ላይ ምንም ምርመራ ሳያስፈልግ «ተመለሱ» የሚሉ ምልክቶች አሉ። ተመሳሳይ አቅጣጫና ከፍታ ባለው ተዳፋት ላይ አዲስ የወረደ ናዳ፣ ከእግር በታች «ዉምፍ» የሚል ድምፅ ከመሬቱ መስመጥ ጋር፣ ከጫማ ተነሥቶ ሜትሮች የሚሮጥ ስንጥቅ። ከነዚህ አንዱ ብቻ ይበቃል፤ ሁለተኛውን አትጠብቁ። የበረዶ መጠን በ24 ሰዓት 30 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ፣ ወይም ሙቀቱ በድንገት ወደ ዜሮ ሲወጣ ደግሞ ምልክት ሳይታይም አደጋው አለ።

የጉድጓድ ምርመራ (በረዶውን ቆፍሮ ሽፋኖቹን መፈተሽ) ማድረግ ከፈለጋችሁ በጣም የሚያገለግለው ሰፊው ዓምድ ነው። ወርዱ 90፣ ወደ ውስጥ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዓምድ በዙሪያው ቆርጣችሁ ለዩ። የአካፋውን ምላስ በአንዱ ጫፍ ላይ አስቀምጡና መታ መታ አድርጉ፦ 10 ጊዜ ከእጅ አንጓ፣ 10 ጊዜ ከክርን፣ 10 ጊዜ ከትከሻ። ስንጥቁ ከተመታው ጫፍ ተነሥቶ ዓምዱን ሙሉ ካቋረጠ፣ ያ ሽፋን ስንጥቅ ያዛምታል ማለት ነው፤ ተመለሱ። ካላቋረጠ ግን ፈቃድ አገኘን አትበሉ። በረዶ በጥቂት ሜትሮች ውስጥ ስለሚለያይ አንድ ጉድጓድ አደጋ መኖሩን ሊያረጋግጥ ይችላል፣ አለመኖሩን ግን አይችልም። ምርመራውን ዕቅድ ለመሰረዝ እንጂ ለማጽደቅ አትጠቀሙበት።

የግድ የሚሻገሩት ተዳፋት ካጋጠማችሁ አንድ በአንድ ሂዱ፤ ሌሎቹ ከተጠበቀ ቦታ ሆነው ዓይናቸውን ከሚሻገረው ላይ አይንቀሉ። የምርኩዝ ማሰሪያ ከእጅ ይውለቅ፣ ልብስ ይቆለፍ፣ አፍ ይሸፈን። ገመድ የሚታሰረው በድንጋይ ወይም በጠንካራ በረዶ ላይ እውነተኛ መያዣ ሲኖር ብቻ ነው። ያለ መያዣ በአንድ ገመድ ተያይዞ መሄድ አንዱን የወሰደው ናዳ አራታችሁንም እንዲወስድ ማዘጋጀት ነው።

መሣሪያን በሚመለከት ትራንሲቨር (የተቀበረን ሰው ለማግኘት ምልክት የሚልክና የሚቀበል ትንሽ መሣሪያ)፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ለእያንዳንዱ ሰው። ሦስቱ አብረው ካልሆኑ አይረዱም። ትራንሲቨሩ በዓለም ሁሉ በሚሠራበት በ457 ኪሎ ኸርዝ ሞገድ የሚሠራ፣ ሦስት አንቴና ያለው ይሁን። ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ከላይኛው ጃኬት ሥር በሰውነት ላይ ይታሰራል፤ ከስልክና ከማናቸውም ኤሌክትሮኒክስ ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ በምትፈልጉበት ጊዜ ደግሞ 50። ሁልጊዜ ስትነሡ አንዱ ቆሞ ሌሎቹ አንድ በአንድ በፊቱ እያለፉ መላኩንም መቀበሉንም ያረጋግጥ። ዘንጉ ቢያንስ 240 ሴንቲ ሜትር፣ አካፋው ከአሉሚኒየም የተሠራና እጀታው የሚረዝም ይሁን፤ ፕላስቲክ የናዳ በረዶ ላይ ይሰበራል። «ቦይ ላይ ብንወድቅ ትራንሲቨር ምን ይሠራል?» ብለው የሚተዉት ተራራ ወጪዎች አሉ። በዚህ አልስማማም፤ መዳረሻውና መውረጃው ልክ የሸርታቴኞች ተዳፋት ነው። የራስ ቁር ደግሞ ያለ ክርክር።

ወደ መጨረሻው ጥያቄያችሁ ልምጣ። ሙሉ በሙሉ የተቀበረ ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ከወጣ ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ ይተርፋሉ። በ30 ደቂቃ ከአሥሩ ሦስቱ ብቻ ናቸው የሚተርፉት። አብዛኛው የሚሞተው ታፍኖ ነው። ሄሊኮፕተር በዚህ ጊዜ ውስጥ አይደርስም፤ የሚያወጡት ጓደኞቹ ናቸው።

ናዳው ሲነሣ የተያዘው ሰው ይጩህ፣ ወደ ጎን ለመውጣት ይሞክር፣ ገና ሲጀምር ከሆነ መጥረቢያውን ከሥር ባለው ጠንካራ በረዶ ይትከልና ንጣፉ ያልፈው ዘንድ ይጣበቅ። ከተወሰደ ደግሞ በረዶው ከመቆሙ በፊት እጁን ወደ ፊቱ ያምጣ፤ ከቆመ በኋላ ጣት እንኳ አይንቀሳቀስም።

የቀሩት መጀመሪያ ያንን ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ያዩበትን ቦታ ምልክት ያድርጉበት፣ ሁለተኛ ናዳ የሚመጣበት ሁኔታ እንዳለ ይመልከቱ። አንድ ሰው ይምራ። አንዱ ለእርዳታ ይደውል፤ በአውሮፓ 112 ነው። ሌሎቹ ሁሉ ትራንሲቨራቸውን ወደ ፍለጋ ያዙሩ፤ አንድ ሰው መላኩን ማቆም ቢረሳ ፍለጋው በሙሉ ወደ እርሱ ይሳባል። ከታየበት ቦታ ወደ ታች እየወረዱ፣ በገጹ ላይ ያለ ጓንት፣ ቦርሳ ወይም እጅ እየፈለጉ ይሂዱ፤ በሁለት ፈላጊዎች መካከል ከ40 ሜትር አይብለጥ። ምልክት ሲያዝ በመሣሪያው ላይ የሚታየውን ቀስት እየተከተሉ ይሩጡ። ርቀቱን በሜትር የሚያሳየው ቁጥር 3 ሲደርስ ፍጥነቱ ይብቃ፤ መሣሪያውን ሳያዞሩ በበረዶው ገጽ ላይ አስጠግተው ፊትና ኋላ፣ ግራና ቀኝ በመስቀል ይፈልጉ። ትንሹ ቁጥር ካለበት ዘንጉን ለገጹ ቀጥ አድርገው ይውጉ፤ ካልነካ በ25 ሴንቲ ሜትር ርቀት እየተጠመዘዙ ይቀጥሉ። ሲነካ ዘንጉን አትንቀሉት።

ቁፋሮው ጊዜ የሚበላው ክፍል ነው፤ የሚበላሸውም እዚህ ነው። የናዳ በረዶ እንደቆመ ይደድራል፤ አንድ ሜትር ኩብ ብዙ ጊዜ 400 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ከዘንጉ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች አትቆፍሩ፤ የምትረግጡት የተቀበረውን ሰው አየር ነው። ከዘንጉ ቁልቁል ባለው ጎን፣ የቀብሩን ጥልቀት ያህል ራቅ ብላችሁ፣ አግድም ወደ እርሱ ቆፍሩ። ፊተኛው በረዶውን በካሬ እየቆረጠ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ኋላ ያሉት ያሻግሩታል፤ ፊተኛው በየሁለት ደቂቃው ይቀየር። መጀመሪያ ፊቱን፣ ቀጥሎ ደረቱን ነፃ አውጡ። አፉ በበረዶ ተዘግቶ እንደነበርና እንዳልነበር፣ በፊቱ ዙሪያም ክፍት ቦታ መኖር አለመኖሩን ልብ በሉ፤ ሐኪሞች ይህን ይጠይቃሉ። የማይተነፍስ ከሆነ አምስት ጊዜ ትንፋሽ ስጡ፣ ከዚያ 30 የደረት ግፊትና 2 ትንፋሽ እየቀያየራችሁ ቀጥሉ። ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀብሮ አፉ ክፍት የተገኘ ሰው በቅዝቃዜ ብቻ ሞቶ የመሰለ ሊሆን ይችላል፤ አግድም አስተኝታችሁ፣ በጣም በቀስታ እያንቀሳቀሳችሁ፣ ከመሬቱ ለዩት፤ ሐኪም እስኪወስን ድረስ አታቁሙ። ስልክ ከሌለ በፉጨት ወይም በመብራት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ምልክት፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ዕረፍት፣ እንደገና ስድስት። መልሱ በደቂቃ ሦስት ነው።

ቦዩ መቼ ይመቻል? የምትጠብቁት ማቅለጥና መልሶ መጋገር ነው። ሙቀቱ ከዜሮ በላይ ወጥቶ በረዶውን እስከ ጥልቀቱ ካራሰው በኋላ ጥሩ ቅዝቃዜ ሲመጣ ንጣፉና ደካማው ሽፋን አብረው ይጋገራሉ። ያን ጊዜ ተረከዝ አይሰጥምም፣ የመጥረቢያ እጀታ አይገባም፣ ምላሱ ግን በአንድ ምት ይይዛል። ላዩ ብቻ የደደረ ቀጭን ቅርፊት ይህ አይደለም፤ ሰብራችሁ ከሥሩ ያለውን እዩ። መግለጫው ደረጃ 2 ወይም ከዚያ በታች ሆኖ፣ በእናንተ አቅጣጫ ቶሎ የማይድን ደካማ ሽፋን ካልተጠቀሰ፣ ላለፉት ሦስት ቀናትም በረዶ የሚያንቀሳቅስ ነፋስ ካልነበረ ዕቅዱን እንደገና አንሡት። በቦዩ ውስጥ የጠነከረ ግግር በረዶ ያለበት ቀጥ ያለ ክፍል ካለ ቅዝቃዜው መጠነኛ ሲሆን ነው የሚመቸው። ከዜሮ በታች 15 ካለፈ ግግሩ ተሰባሪ ይሆንና በምት እንደ ሳህን እየተገመሰ ይወርዳል። ሙቀቱ በአንድ ሌሊት በጣም ከወረደ ለብቻው የቆመን የግግር ዓምድ አትንኩት፤ በውስጡ ባለው ውጥረት አንድ ምት ሊበቃው ይችላል። ከኋላው ውኃ የሚሰማ ከሆነም እንዲሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከቦያችሁ በላይ የተንጠለጠለ የበረዶ ግግር ግንብ ካለ እስካሁን ያልኩት ሁሉ አይሠራበትም። የግግር መናድ ከበረዶ ሽፋን ጋር ግንኙነት የለውም፣ ቅዝቃዜም ማለዳም አያስቆመውም። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኤቨረስት 16 ሰዎችን የገደለው እንዲህ ያለ መናድ ነበር። በካርታውና በፎቶ ተመልክታችሁ ከበላያችሁ እንዲህ ያለ ነገር ካገኛችሁ ሌላ መስመር ምረጡ፤ ሌላ ከሌለ ደግሞ በሥሩ የምትቆዩበትን ደቂቃ አሳጥሩ፣ እዚያ ለመብላትም፣ ገመድ ለማስተካከልም፣ ጓደኛ ለመጠበቅም አትቁሙ።